የርግጫ ነገር፦ ከባለ ቀይ ነጥቡ ሽጉጥ እስከ ፎገራው ማማ

ማንኛውም የተኩስ መሣሪያ በአንድ ተኩስ ሁለት ይመታል፤ አንደኛው ከፊት ያለው ኢላማ ሲሆን ሁለተኛው ከኋላ የቆመው ባለቤቱ ነው። ይህ ሁለተኛው ምት ርግጫ ሊባል የሚገባው ሲሆን፣ ባሩዱ ተቀጣጥሎ እርሳሱን በአፈሙዙ በኩል ወደ ፊት ሲያስፈነጥር መሣሪያው በዚያው ልክ ወደ ኋላ የሚሸሽበት ግፊት ማለት ነው። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ማንኛውም ግፊት እኩልና ተቃራኒ ግፊት እንዳለው ሲደነግግ ሽጉጥ ታጥቆ ነበር የሚል ማስረጃ ባይኖርም፣ ድንጋጌው በሽጉጥ ያዥ ሁሉ ላይ ያለ ይግባኝ ይፈጸማል፤ ክብደቷ ስምንት ግራም የሆነች እርሳስ በሰከንድ 330 ሜትር እየበረረች ስትወጣ፣ አንድ ኪሎ የሚመዝነው ሽጉጥ፣ የእርሳሷ ድርሻ ተከትሏት ከሚወጣው ጋዝ ድርሻ ጋር ተደምሮበት፣ በሰከንድ ሦስት ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ወደ ያዡ መዳፍ ይመለሳል። መዳፉ ከአፈሙዙ መስመር ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ደግሞ ግፊቱ ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ይሆናል፤ አፈሙዙ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ተኳሹም ሁለተኛዋን ጥይት ከመልቀቁ በፊት እስኪመለስለት ይጠብቃል።

ለአብዛኛው የሰው ልጅ ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ተግባራዊ ተኩስ በሚባለው ስፖርት ዘንድ ግን ሙሉ ሙያ፣ ሙሉ ወጪና ማብቂያ የሌለው ክርክር ሆኖ ተቋቁሟል። ስፖርቱን የሚመራው ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ በምትባል ከተማ የተመሠረተ ሲሆን፣ ተወዳዳሪው እየሮጠ፣ እያጎነበሰና በተቀደደ ግድግዳ እያሾለከ የወረቀትና የብረት ኢላማዎችን ይመታል፤ በመጨረሻም የሰበሰበው ነጥብ ለፈጀበት ሰከንድ ተካፍሎ ውጤቱ ይወጣል። የተካኑት ተኳሾች በአንድ ኢላማ ላይ ሁለት ጥይት ለመልቀቅ የሰከንድ አንድ አምስተኛ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ብቻ ስለሚፈጅባቸው፣ አፈሙዙ ወደ ሰማይ ሄዶ የሚመለስባት ቅጽበት የድልና የሽንፈት ወሰን ትሆናለች። ስለዚህም እነዚህ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ የሚደክሙት መሣሪያቸው ይበልጥ እንዲጎዳ ሳይሆን ይበልጥ እንዲለሰልስ ነው፤ የሽጉጥን ጠባይ ከሽጉጥ ላይ ለማስወገድ ገንዘብ የሚከፍሉ ሰዎች ቢባሉ አይበዛባቸውም።

ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ሁሉም በጥይቱ ውስጥ ቁንጥር ባሩድ እየጨመረ፣ እርሳሷ ከአፈሙዝ ወጥታ እግሩ ሥር እንድትወድቅ ያደርግ ነበር። ይህን ለመከላከል ደንብ አውጪዎቹ ፓወር ፋክተር የሚባል የኃይል ልክ አበጅተዋል፤ ስሌቱም የእርሳሱን ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱን ደግሞ በሰከንድ ስንት ጫማ እንደሚጓዝ ወስዶ፣ ሁለቱን አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ነው። አንድ ግሬን 64.8 ሚሊግራም ሲሆን መነሻው የአንዲት የገብስ ፍሬ ክብደት ነው፤ ልኩ ከጣና ምሥራቅ ባለው የሩዝ አገር፣ ፎገራ ላይ፣ በሩዝ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ የሩዝ ፍሬ የዚህን ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ የሁሉም ተኳሽ ቁጥር ከእጥፍ በላይ አድጎ ለፉከራ የተመቸ ይሆን ነበር። ማንኛውም ተወዳዳሪ ቢያንስ 125 ማምጣት የሚጠበቅበት ሲሆን ይህ ታናሽ ኃይል ይባላል፤ ታላቅ ኃይል የሚባለው እንደየምድቡ 160 ወይም 170 ነው። ዳኞች በውድድሩ ቀን ከተወዳዳሪው ጥይት ጥቂቱን ወስደው፣ አንዱን ፈትተው እርሳሱን በሚዛን ይመዝናሉ፣ ሌሎቹን በፍጥነት መለኪያ ፊት ይተኩሳሉ፤ ከ125 በታች የወረደበት ሰው ውድድሩን መቀጠል ይፈቀድለታል፣ ውጤት ግን አይያዝለትም። ይህ የመጨረሻው ቅጣት በጭካኔው ብዙ ሕግ አውጪዎች ሊቀኑበት የሚገባ ነው፤ ሰውየው ሙሉ ቀን ሲሮጥና ሲተኩስ ውሎ እንዳልተኮሰ ይቆጠራል።

ቀይ ነጥብ የሚባል የብርሃን ማነጣጠሪያ የተጫነባቸው የተለመዱ ሽጉጦች በሚወዳደሩበት ምድብ ውስጥ ሁሉም በታናሽ ኃይል ስለሚቆጠር፣ ባሩድ ማብዛት ርግጫ እንጂ ነጥብ አያመጣም። በዚህም ምክንያት የተወዳዳሪው ጥበብ ከ125 ሳይወርድ ወደ 125 መጠጋት ሆነ፤ ፍጹም ተጠግቶ እንዳይቆም ደግሞ ባሩድ የአየሩን ሙቀትና ቅዝቃዜ ስለሚሰማ፣ በሞቃት ቀን 126 ያመጣ ጥይት በብርድ ማለዳ 124 ሆኖ ባለቤቱን ሊያዋርድ ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች 130 አካባቢ ላይ ይረጋሉ። እዚህ ላይ ግን ጉዳዩ ያበቃ የሚመስለው ለማያውቀው ሰው ነው፤ ምክንያቱም ወደ 130 የሚወስደው መንገድ አንድ አይደለም። 124 ግሬን የምትመዝን እርሳስ በሰከንድ 1,050 ጫማ ስትጓዝ 130 ይመጣል፤ 147 ግሬን የምትመዝነውም በ890 ጫማ ብቻ ስታዘግም ያው 130 ይመጣል። ሁለቱ በወረቀት ላይ እኩል ሲሆኑ በእጅ ላይ ግን እኩል አይደሉም፤ ባሩድም ነድዶ ጋዝ ሲሆን የራሱን ክብደት ይዞ ከእርሳሱ እጅግ በፈጠነ ሩጫ ስለሚወጣ የራሱን ርግጫ ይጨምራል፣ ከባዷ እርሳስ ደግሞ ለዝግታዋ አነስተኛ ባሩድ ስለሚበቃት ይህ ተጨማሪ ርግጫ ይቀንስላታል። ከባድ እርሳስ የሚመርጡት ሽጉጣቸው ገፋ አደረገ እንጂ አልመታም ይላሉ፤ ቀላል እርሳስ የሚመርጡት ደግሞ የከባዷ እርሳስ ሽጉጥ ዘገምተኛ ነው፣ እጅ ላይ ይተኛል ብለው ይመልሳሉ፤ ክርክሩም የቅባትና የተዋሕዶን ክርክር ለሚያውቅ የጎንደር አገር ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ከዚህ የተለየ ጠባይ ያላቸው ከባለ ታላቅ ኃይሎቹ ምድቦች በአንዱ የሚወዳደሩት ሽጉጦች ናቸው። በእነዚህ ሽጉጦች አፈሙዝ ጫፍ ላይ ወደ ላይ የተበሳ ቁራጭ ብረት ይገጠማል፤ ጋዙ በቀዳዳው ወደ ሰማይ ሲወጣ አፈሙዙን ወደ ምድር ስለሚጫነው፣ በዚያ ምድብ ባሩድ ማብዛት ርግጫን መቀነሻ ይሆናል። በአንዱ ምድብ ኃጢአት የሆነው በሌላው ጽድቅ ነው ማለት ነው። ድምፁን በተመለከተ ከጎን የሚቆመው ዳኛ ጆሮ መድፈኛ ማድረጉን ከመጥቀስ በቀር የሚጨመር የለም።

ጥይቱ ከተስተካከለ በኋላ ተራው የሞላው ነው። ከፊል ራስ ሠር በሆነ ሽጉጥ ውስጥ ጥይቱ በተተኮሰ ቁጥር የላይኛው ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ሄዶ ባዶውን ቀለህ ይተፋል፣ ከዚያም በሥሩ ያለው ሞላ ገፍቶት ሲመለስ አዲስ ጥይት ያጎርሳል፤ ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ሞላው እጅግ ጠንካራ ከሆነ ተንሸራታቹ በኃይል ሲዘጋ አፈሙዙን ከኢላማው በታች ይደፋዋል፤ እጅግ ከላላም ተንሸራታቹ ወደ ኋላ ሄዶ በብርቱ ይጋጫል፣ አንዳንዴም ጥይቱን ሳያጎርስ ይቀራል። ስለዚህ ጥይቱን ያለዘበ ሰው ሞላውንም ማላላት፣ ሞላውን ያላላ ሰው ጥይቱን እንደገና መሞከር፣ ሁለቱን ያስማማ ሰው ደግሞ ሦስተኛ የሚስተካከል ነገር መፈለግ ግድ ይለዋል፤ ፈልጎ ያጣ ግን ገና አልታየም።

ይህን ሁሉ የሚፈርደው ቀይ ነጥቡ ነው። ቀይ ነጥብ ማለት በሽጉጡ ጀርባ ላይ በተጫነች ትንሽ መስታወት ውስጥ የምትታይ የብርሃን ምልክት ስትሆን፣ ከሥር ያለች ደቃቅ መብራት ጨረሯን ወደ ጎበጠው መስታወት ትልክና ጨረሩ ተንጸባርቆ ወደ ዓይን ሲመለስ ነጥቧ ኢላማው ላይ ያረፈች ትመስላለች። የሐሳቡ ባለቤት በአየርላንድ ቴሌስኮፕ ይሠራ የነበረው ሃዋርድ ግራብ ሲሆን ፈጠራውን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው፤ በባትሪ የሚሠራውን ለገበያ ያበቃው ደግሞ ኤይምፖይንት የተባለው የስዊድን ድርጅት ነው፣ ዘመኑም 1975። የነጥቧ ስፋት የሚለካው በማዕዘን ደቂቃ ሲሆን፣ ስድስት ደቂቃ የሆነች ነጥብ በ25 ሜትር ርቀት ላይ ከአራት ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ቦታ ትሸፍናለች።

የቀይ ነጥብ ጥቅሟ ዓይን በአንድ ጊዜ የኋላ ማነጣጠሪያ፣ የፊት ማነጣጠሪያና ኢላማ እንዲያይ ከመታዘዝ ማዳኗ ነው፤ ጉዳቷ ደግሞ አሳባቂ መሆኗ ነው። በብረት ማነጣጠሪያ ዘመን የተኳሹ እጅ ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነበር፤ ነጥቧ ግን ትንፋሹን፣ የልብ ምቱንና ቃታ ሲስብ ጣቱ ሽጉጡን እንዴት እንደሚገፋው ለባለቤቱ ለራሱ ትናገርበታለች። ጀማሪው ነጥቧን ዝም ለማሰኘት ሲታገል ጊዜው ያልፋል፤ የለመደው ግን እየተንቀጠቀጠችም ቢሆን ኢላማው ውስጥ እስካለች ድረስ ይተኩሳል። በርግጫ ጊዜ ደግሞ መንገዷን ትጽፋለች፦ ሽጉጡ በትክክል ከተያዘና ጥይቱ ከሞላው ጋር ከተስማማ ነጥቧ ቀጥ ብላ ወጥታ በወጣችበት ትወርዳለች፤ ግራ እጅ ከላላ በሰያፍ ትወጣለች፤ ሞላው ከጠነከረ ስትመለስ ኢላማውን አልፋ ወደ ታች ሰምጣ እንደገና ትነሣለች፤ አያያዙ ከተበላሸ ጭራሹኑ ከመስታወቱ ወጥታ ትጠፋለች፣ ተኳሹም የጠፋ በግ እንደሚፈልግ እረኛ አንገቱን እያሰገገ ይፈልጋታል። ባለሙያዎቹ ጥይት ሲያስተካክሉ በእርግጥ የሚያጠኑት የወረቀቱን ቀዳዳ ሳይሆን ይህን የነጥብ ጉዞ ነው፤ ትልቁ ትጋታቸው እርሳሷ ከአፈሙዝ ከወጣች በኋላ በሚሆነው ላይ የሚውልበት ሌላ የተኩስ ሙያ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ሥርዓት ወረታ ላይ ቢሰበክ ምን ዓይነት ምእመን ያገኝ እንደነበር መገመት አይከብድም። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚዘልቀው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ከሚታጠፈው ጋር የሚገናኝባት፣ ከጣና ምሥራቅ በተንጣለለው የፎገራ ሜዳ ላይ የተቀመጠች የደቡብ ጎንደር ከተማ ናት። በዚህ መገናኛ ላይ ቀይ ነጥብ የተጫነበት ሽጉጥ ከነጥይት መሙያ ዕቃው ይዞ መገኘት የሚያስከትለው የስፖርት ውይይት ሳይሆን ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም ሆነ መሥራትን ስለሚከለክል፣ በጓዳ ተቀምጦ ባሩድ በግሬን እየመዘነ ርግጫ የሚያለዝብ ሰው ዓላማው ልዝብነት መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃል ያስፈልገዋል።

ከሕጉ ይልቅ የሚከብደው ግን የጣዕም ልዩነት ነው። በአካባቢው የመሣሪያ ፍቅር ውስጥ ልስላሴ ምስጋና ሆኖ አያውቅም። ምንሽር፣ ቤልጅግ፣ አልቢን፣ ዲሞትፈር፣ ጓንዴ፣ ውጅግራ እየተባለ ስማቸው በፉከራና በቀረርቶ ሲነሣ የኖረው እነዚህ ጠመንጃዎች የተወደዱት ስለሚጮኹ፣ ስለሚያስደነግጡና ትከሻ ስለሚፈትኑ ነው። ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጥይት ዋጋው በድምፁ ይለካል፤ ኢላማ የለውምና ልክም የለውም፣ የወጣው እርሳስ የት እንደሚያርፍ የሚያስበውም ብዙ ጊዜ ከታች የሚኖረው ጎረቤት ነው። ለእንዲህ ያለ ተኳሽ ርግጫን ለመቀነስ በሬ የሚያወጣ ገንዘብ የሚያፈስ ሰው መኖሩ ቢነገረው፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰውየው ትከሻውን አሞት እንደሆነ ነው።

ለአብነት ያህል ውጅግራን ወደ ዳኞቹ ሚዛን ማቅረብ ይቻላል። ውጅግራ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የታጠቀው፣ በኋላም በብዛት ወደ ኢትዮጵያ የገባ ባለ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ሲሆን፣ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን 25 ግራም እርሳስ ከአምስት ግራም በሚበልጥ ጥቁር ባሩድ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ያስወነጭፋል። ይህ ወደ ግሬንና ወደ ጫማ ተለውጦ ሲሰላ ፓወር ፋክተሩ ከ550 በላይ ይሆናል፤ ታላቅ ኃይል የተባለውን ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ታናሹን ከአራት እጥፍ በላይ ያልፋል ማለት ነው። ባለ ውጅግራው በኃይል ምርመራ ማንም ሊነካው አይችልም፤ ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ጥይት ጋር የሚወጣው ነጭ ጭስ ኢላማውንም ዳኛውንም ስለሚሸፍን፣ ጭሱ እስኪገፍፍ ባለ ሽጉጡ ተወዳዳሪ ሜዳውን ጨርሶ ውጤቱን ተቀብሎ ሊሄድ ይችላል።

ጥይትን መዝኖ መጠቀም ለአገሩ ፈጽሞ ባዕድ ነው ማለት ግን አይደለም። ባሩድ በአገር ቤት ከድኝ፣ ከከሰልና ከጨው አፈር እየተወቀጠ ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መባቻ የውጅግራ ጥይት በብዙ ገበያ ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። ጥይት ገንዘብ በነበረበት ዘመን ቃታ መሳብ ማለት ኪስን ወደ ጫካ መወርወር ስለነበር፣ አንድ ጥይት ለማባከን የሚያስፈልገው ምክንያት ዛሬ አንድ ሳጥን ለማባከን ከሚያስፈልገው ይከብድ ነበር። ዓመቱን በሺህ የሚቆጠር ጥይት ወረቀት ሲበሳ የሚውለውን የዘመኑን ስፖርተኛ የዚያ ዘመን ሰው ቢያየው፣ ሰውየው ሀብታም ነው ወይስ አሳዳሪ የሚያስፈልገው ነው በሚለው ላይ ሽማግሌ ያስቀምጥ ነበር።

ርግጫን በክብደት የማስታገስ ዘዴም ቢሆን በዚሁ አውራጃ ተሞክሯል፤ የሞከረውም ቀላል ሰው አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከወረታ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ የአውሮፓ ሚሲዮን የእጅ ባለሙያዎችን አሰባስበው ያስቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ሰባት ቶን የሚጠጋ ነው። መሣሪያ በከበደ ቁጥር ርግጫው እየዘገየ ስለሚሄድ፣ ሴባስቶፖል በዚህ ረገድ በዓለም ላይ ካሉት እጅግ የተረጋጉ መሣሪያዎች አንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ የውድድር ደንቦች በአንዳንድ ምድብ የሽጉጥን ክብደት የሚገድቡት ሁሉም ተወዳዳሪ የራሱን ትንሽ ሴባስቶፖል ይዞ እንዳይመጣ ነው። በክብደት የተገዛ ርግጫ ዋጋው በሌላ በኩል ይከፈላል፤ ተዋጊውና ሠራተኛው መድፉን ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 1867 እስከ መጋቢት 1868 መንገድ እየጠረገና ገደል እየቆፈረ ወደ መቅደላ ጎትቶታል። ዛሬም እዚያው ተቀምጧል፤ ለመመለስ ፈቃደኛ የሆነ አልተገኘም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በፎገራ ሜዳ ላይ የውድድር ተኳሹን ሙያ በእርግጥ የሚሠራ ሰው ማን ነው ቢባል፣ መልሱ ከባለ ጠመንጃዎቹ መካከል አይገኝም። የሚገኘው ሩዝ ማሳ መካከል በቆመው ማማ ላይ ነው። ሩዝ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ ፎገራ ላይ ሥር ከሰደደ ወዲህ፣ በጉማራና በርብ ወንዞች ሙላት ክረምቱን ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ጎተራ ሆኗል፤ ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙ ከአካባቢው ቀበሌ ከጅግና የመጣ ነው፣ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም መቀመጫው ወረታ ነው። ሩዙ ከመጣ ወፉም መጣ፤ ዛላው ወተት መያዝ ሲጀምር አንስቶ እስኪታጨድ ድረስ ማሳው ጠባቂ ይፈልጋል፣ ጠባቂውም አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው፣ መሣሪያውም ወንጭፍና ጅራፍ ነው።

የዚህ ልጅ ሥራ ጥይት ማስተካከል እንጂ ሌላ ሊባል አይችልም። የፎገራ ዋልካ መሬት ድንጋይ የማይበዛበት ስለሆነ ወርዋሪው ጭቃውን በመዳፉ እያድበለበለ ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ የድቡልቡሉ መጠን ካነሰ ነፋስ ይወስደዋል፣ ከበዛ ክንድ ያዝላል፣ ሳይደርቅ ከተወረወረ አየር ላይ ይበተናል፣ ከመጠን በላይ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ልጁ ከ124ና ከ147 ግሬን እንደሚመርጠው ሰው ለክንዱ፣ ለወንጭፉ ርዝመትና ለማሳው ስፋት የሚስማማውን አንድ ልክ ፈልጎ ያገኝና ከዚያ ወዲያ ሁሉንም እኩል እያደረገ ይደረድራል። ዓላማውም እንደ ስፖርተኛው መግደል አይደለም፤ ድቡልቡሉ ከመንጋው አጠገብ ጓ ብሎ ካረፈ ወፉ ይነሣል፣ ቀጣዩን ደግሞ መንጋው ሊያርፍበት ወዳሰበው ቦታ አስቀድሞ መላክ ይገባል፣ በሁለቱ ውርወራዎች መካከል የሚጠፋው ጊዜም በቀጥታ በሩዝ ይከፈላል። ርግጫውን የሚቀበለው መዳፉ ሳይሆን እግሩ ነው፤ ወንጭፉ ሲለቀቅ ማማው ወደ ኋላ ይወዛወዛል፣ የማማው ቋሚዎች በደንብ ካልተማገሩ ሁለተኛው ውርወራ መወዛወዙ እስኪበርድ ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት ቋሚ ማጠባበቅና ሞላ መቀየር፣ ሥራው በአውደ ጥናት ቢቀርብ፣ በአንድ ርእስ ሥር የሚቀመጡ ናቸው።

ጅራፉ ደግሞ የራሱ ምዕራፍ ይገባዋል። ከቃጫ ተገምዶ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄደው ጅራፍ ሲጮኽ የሚሰማው ድምፅ ገመድ ከገመድ ጋር ሲጋጭ የሚወጣ ሳይሆን፣ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ከ340 ሜትር በላይ ሲያልፍ አየሩ የሚሰነጠቅበት ድምፅ ነው። የውድድር ተኳሾች የሚመርጧት ከባዷ እርሳስ በሰከንድ 890 ጫማ ማለትም 271 ሜትር ብቻ ስለምትጓዝ ይህን ወሰን አትደርስበትም፤ የዓለም ሻምፒዮናው ጥይትና የፎገራው ልጅ ጅራፍ እኩል ቢለቀቁ በጫፍ ፍጥነት የሚቀድመው ጅራፉ ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚለው ብሂል ለሰው ጠባይ የተነገረ ቢሆንም ፊዚክሱም አይቃወመውም። ይሁን እንጂ ጅራፍ የሚያስወነጭፈው እርሳስ ስለሌለው፣ ዜሮ በማናቸውም ፍጥነት ሲባዛ ዜሮ በመሆኑ፣ ፓወር ፋክተሩ ዜሮ ነው፤ ከድምፅ የፈጠነ ተወዳዳሪ ውጤት ሳይያዝለት ይሰናበታል።

ወንጭፉ ግን ተስፋ አለው። አንድ ልጅ በሰከንድ 30 ሜትር፣ ማለትም በ98 ጫማ ፍጥነት ቢወነጭፍ፣ 60 ግራም የሚመዝን ድቡልቡል 926 ግሬን ስለሆነ 91 ብቻ ያመጣል፤ ከታናሹ ኃይል በታች ነው። ድቡልቡሉ ወደ 85 ግራም ቢያድግ ግን 1,312 ግሬን ሆኖ በዚያው ፍጥነት 129 ያመጣል፣ ይህም ከዳኞች ሚዛን የሚያልፍ፣ ብዙ ታዋቂ ተኳሾች በዓመት ሙከራ ከሚረጉበት ከ130 በአንድ ብቻ የሚያንስ ቁጥር ነው። የሚያስቸግረው ጭቃው ነው፦ ማለዳ ላይ እርጥበት ይዞ 85 ግራም የመዘነው ድቡልቡል፣ ዳኞቹ ሻይ ጠጥተው ከሰዓት በኋላ እስኪመለሱ በፎገራ ፀሐይ ደርቆ 70 ግራም ቢሆን ስሌቱ ወደ 106 ይወርድና ልጁ እየወረወረ ውጤት የማይያዝለት ሰው ይሆናል። የኮንፌዴሬሽኑ ደንብ እርሳስ በቀን ውስጥ ክብደት ይቀንሳል ብሎ ስላላሰበ በዚህ ላይ ይግባኝ የሚባልበት አንቀጽ የለውም፤ ልጁም ቢሆን ይግባኝ ለማለት ከማማው መውረድ ይኖርበታል፣ እስኪወርድ ደግሞ ግሪሳው አይጠብቀውም።